ጥቁር መነኮሳይት (የኮሪያ ፊልም)

ጥቁር መነኮሳይት (በኮሪያ ቋንቋ ገምን ሱንየድል፣ በዓለም አቀፍ ስርጭቱ ዳርክ ነንስ) በደቡብ ኮሪያ ተሠርቶ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 24 ቀን 2025) በሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ክዎን ህዮክ-ጄ ሲሆን ዋና ተዋናዮቹ ሶንግ ሄ-ክዮ እና ጀን ዮ-ቢን ናቸው። ፊልሙ በርኩስ መንፈስ የተያዘን አንድ ልጅ ለማዳን ሲሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለካህናት ብቻ የፈቀደችውን አጋንንት የማስወጣት ሥርዓት ያለፈቃድ የሚፈጽሙ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳይትን ታሪክ ይተርካል።

ፊልሙ በ2015 የወጣው «ጥቁር ካህናት» (ገምን ሳጄድል) የተባለ ታዋቂ ፊልም ቅርንጫፍ ነው። ታሪኩ በዚያው ዓለም ውስጥ ይፈጸማል፤ ባለታሪኮቹ ግን አዳዲስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው

በኮሪያ ቋንቋ «ገምን» ማለት ጥቁር ሲሆን «ሱንየ» ማለት የካቶሊክ መነኩሲት ማለት ነው፤ «ድል» ደግሞ የብዛት ምልክት ነው። የቀደመው ፊልም «ጥቁር ካህናት» ስለተባለ ይህኛው ያንኑ አጠራር ተከትሎ ካህናት የሚለውን ቃል ብቻ በመነኮሳይት ተክቷል። የፊልሙ ዋና ጥያቄ በዚህ ለውጥ ውስጥ ይገኛል፦ በካህኑ ቦታ መነኩሲት ብትቆም ምን ይለወጣል?

ታሪኩ

(ማሳሰቢያ፦ ይህ ክፍል የፊልሙን መጨረሻ ይገልጻል።)

ሂጁን የተባለ ልጅ በርኩስ መንፈስ ተይዞ ይሠቃያል። ሲስተር ዩኒያ በልጁ ላይ ያደረው መንፈስ ተራ እንዳልሆነና «አሥራ ሁለቱ መልኮች» ተብለው ከሚጠሩት ኃያላን አጋንንት አንዱ እንደሆነ ታምናለች። ልጁን የሚረዳው ሥልጣን ያለው ካህን ቢሆንም በቅርብ የሚገኝ የለም፤ እስኪመጣ ከተጠበቀ ደግሞ ልጁ ይሞታል። ዩኒያ ሥልጣነ ክህነት ስለሌላት አጋንንት የማስወጣት ሥርዓት መፈጸም አይፈቀድላትም።

በሌላ በኩል ካህንም የሥነ አእምሮ ሐኪምም የሆነው አባ ጳውሎስ የልጁን ሁኔታ በሕክምና የሚፈታ ሕመም አድርጎ ይመለከተዋል። ስለ አጋንንት የሚወራውን አይቀበልም፤ ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ ለሥርዓቱ እንዲሰጥም አይፈልግም። የእርሱ ተማሪ የሆነችው ሲስተር ሚካኤላም መጀመሪያ ላይ የምትቆመው ከመምህሯ ጎን ነው። ዩኒያ ግን ሚካኤላ ለሌሎች የማይታየውን የማየት ስጦታ እንዳላትና ይህንንም ደብቃ እንደምትኖር ትደርስበታለች። ሚካኤላ በዩኒያ ብትቆጣም፣ ብትሸሻትም፣ ልጁን በዓይኗ ካየች በኋላ ጥላው መሄድ አይሆንላትም።

ሁለቱ መነኮሳይት እገዛ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ይሄዳሉ። ከእነዚህ ረዳቶች አንዷ ኅዮ-ዎን የተባለች የቀድሞ መነኩሲት ስትሆን፣ ምንኩስናዋን ትታ ሙዳንግ ማለትም የኮሪያ ባህላዊ የመናፍስት አገልጋይ ሆናለች። ከእርሷ ጋር ሲናገር የሚንተባተብ አዶንግ የተባለ ወጣት ተለማማጅ አለ።

ዩኒያ ራሷ በማኅፀን ካንሰር የታመመች ናት። በመጨረሻው ሥርዓት ላይ መንፈሱን ከልጁ አውጥታ ወደ ገዛ ሰውነቷ ታስገባዋለች፤ እንዳያመልጥም ከእርሱ ጋር በእሳት ትሞታለች። ልጁ ይተርፋል። ሚካኤላ የዩኒያን ሥራ ይዛ ትቀጥላለች፤ በፊልሙ ማብቂያ ላይም ከመጀመሪያው ፊልም የሚታወቀው ቾይ፣ አሁን ካህን ሆኖ፣ ለአጭር ጊዜ ብቅ ይላል።

ገጸ ባሕርያትና ተዋንያን

ሲስተር ዩኒያን የምትጫወተው ሶንግ ሄ-ክዮ (የተወለደችው በ1981) በቴሌቪዥን ድራማ በመላው እስያ የታወቀች ተዋናይት ናት። «የበልግ ፍቅር በልቤ» ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው የ2000 ድራማ፣ በ2004 «ፉል ሃውስ» እና በ2016 «የፀሐይ ልጆች» በሚለው ተከታታይ ድራማ በፍቅር ታሪኮች ስሟ ገንኗል። በ2022 መጨረሻ በኔትፍሊክስ የጀመረው «ዘ ግሎሪ» ግን በትምህርት ቤት ግፍ የተፈጸመባትን ሴት የበቀል ታሪክ ይዞ መጥቶ የተዋናይቷን መልክ ቀየረው። «ጥቁር መነኮሳይት» ከ2014 ወዲህ በኮሪያ ሲኒማ የሠራችው የመጀመሪያ ፊልሟ ነው።

ዩኒያ በተለምዶ ከምትሳለው መነኩሲት ትለያለች። ሲጋራ ታጨሳለች፣ አለቆቿን ፊት ለፊት ትቃወማለች፣ ስትቆጣም ትሳደባለች። ጠበሉን በትንሽ ብልቃጥ ሳይሆን በትልቅ ጀሪካን ተሸክማ መጥታ ታፈስሰዋለች። ይህ ከፊልሙ ማስታወቂያዎች ጀምሮ የታወቀ ትዕይንት ነው። ተዋናይቷ ሲጋራ አጫሽ ስላልነበረች ለዚህ ሚና ስትል ከቀረጻው ወራት በፊት ማጨስ እንደተለማመደች ተናግራለች።

ሲስተር ሚካኤላን የምትጫወተው ጀን ዮ-ቢን (1989) በ2021 «ቪንቼንዞ» በተባለው ድራማ በሰፊው ታውቃለች። ሚካኤላ በሁለት ዓለም መካከል የቆመች ገጸ ባሕርይ ናት፤ በቀን የሕክምና ሰው ስትሆን በስውር ግን የታሮት ካርታ ታነባለች። ተመልካቹ ታሪኩን በአብዛኛው የሚከታተለው በእርሷ ጥርጣሬና ፍርሃት በኩል ነው።

ሌሎቹ ዋና ተዋንያን እነዚህ ናቸው፦

- ሊ ጂን-ዉክ፦ አባ ጳውሎስ፣ ካህንና የሥነ አእምሮ ሐኪም
- ሙን ዉ-ጂን፦ ሂጁን፣ በመንፈስ የተያዘው ልጅ
- ሁ ጁን-ሆ፦ አባ እንድርያስ
- ኪም ጉክ-ሂ፦ ኅዮ-ዎን፣ ሙዳንግ
- ጋንግ ዶንግ-ዎን፦ ቾይ፣ በአጭር ትዕይንት

ዩኒያ የሚለው ስም በአዲስ ኪዳን ይገኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 16 ቁጥር 7 ላይ ሰላምታ ከሚያቀርብላቸው ሰዎች አንዷ ናት። ይህ ስም የሴት ነው ወይስ የወንድ፣ ቃሉስ «በሐዋርያት መካከል የታወቀች» ማለት ነው ወይስ «በሐዋርያት ዘንድ የታወቀች» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ሴት በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ምን ሥልጣን ነበራት ከሚለው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስሙ ለዚህ ባለታሪክ የሚስማማ ነው።

ከ«ጥቁር ካህናት» ጋር ያለው ግንኙነት

«ጥቁር ካህናት» ጥቅምት 25 ቀን 2008 ዓ.ም. (ኖቬምበር 5 ቀን 2015) የወጣ የጃንግ ጄ-ህዩን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቀደም ሲል በ2014 የሠራውን አጭር ፊልም አስፍቶ ያዘጋጀው ነበር። ኪም ዩን-ሶክ አባ ኪምን፣ ጋንግ ዶንግ-ዎን ዲያቆን ቾይን፣ ፓርክ ሶ-ዳም ደግሞ በመንፈስ የተያዘችውን ተማሪ ተጫውተዋል። በኮሪያ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች በማግኘቱ፣ ከምዕራባውያን የመጣው አጋንንት የማስወጣት ታሪክ በኮሪያም ገበያ እንዳለው አሳየ።

ሁለቱ ፊልሞች በአንድ የእምነት ሥርዓት ላይ ቆመዋል። በሁለቱም ውስጥ «አሥራ ሁለቱ መልኮች» የሚባሉት አጋንንት አሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሰው የመንፈሱን ስም ማወቅ አለበት። ስም ያልታወቀ መንፈስ አይታዘዝም፣ ስሙ የታወቀ ግን ይሸነፋል። ይህ የፊልም ሰዎች ፈጠራ ብቻ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ኢየሱስ ርኩሱን መንፈስ ስሙን ሲጠይቀው «ሌጌዎን» የሚል መልስ ያገኛል፤ በጥንቱ የካቶሊክ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥም ካህኑ የመንፈሱን ስም እንዲጠይቅ ይታዘዝ ነበር።

በዚያው የወንጌል ክፍል አጋንንቱ ወደ እሪያዎች ገብተው እሪያዎቹ ባሕር ውስጥ ይሰጥማሉ። «ጥቁር ካህናት» ይህንን በቀጥታ ይጠቀምበታል፦ መንፈሱ ከተማሪዋ ወጥቶ ወደ ትንሽ አሳማ ይገባል፤ ዲያቆኑም አሳማውን ይዞ በሴዑል ጎዳናዎች እየሮጠ ወደ ሃን ወንዝ ያደርሰዋል። በ«ጥቁር መነኮሳይት» አሳማ የለም። መንፈሱን ተቀብሎ አብሮት የሚጠፋው የዩኒያ ሰውነት ነው። በመጀመሪያው ፊልም እንስሳ የከፈለውን ዋጋ በሁለተኛው ሴት ትከፍለዋለች፤ የሁለቱ ፊልሞች ትልቁ ልዩነትም ይህ ነው።

ጃንግ ጄ-ህዩን አዲሱን ፊልም አልመራም። እርሱ በ2019 «ስቫሃ» የተባለውን ፊልም፣ በ2024 ደግሞ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያገኘውን «ኤክስሁማ» ሠርቷል። «ጥቁር መነኮሳይት»ን የመራው ክዎን ህዮክ-ጄ በ2010 «መፍትሔ ሰጪው» የተባለ የወንጀል ፊልምና በ2023 «ካውንት» የተባለ የቦክስ ስፖርት ፊልም የሠራ ሲሆን በአስፈሪ ፊልም ዘርፍ የታወቀ አልነበረም። ሁለቱንም «ጥቁር» ፊልሞች ያዘጋጀው ዚፕ ሲኒማ የተባለው የፊልም ኩባንያ ነው።

መነኩሲት ለምን አይፈቀድላትም?

የፊልሙ ግጭት የተመሠረተው በእውነተኛ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ላይ ነው። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና በቁጥር 1172 ላይ ከአካባቢው ጳጳስ ልዩና ግልጽ ፈቃድ ያላገኘ ማንም ሰው በመንፈስ በተያዘ ሰው ላይ የማስወጣት ሥርዓት ሊፈጽም እንደማይችል ይደነግጋል። ጳጳሱም ፈቃዱን የሚሰጠው በእምነቱ፣ በዕውቀቱ፣ በጥንቃቄውና በሕይወቱ ንጽሕና ለተመሰከረለት ካህን ብቻ ነው።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መነኩሲት መሐላ የፈጸመች፣ ሕይወቷን ለእግዚአብሔር የሰጠች ሴት ናት፤ ሥልጣነ ክህነት ግን የላትም፤ ሴት ካህን ልትሆንም አይፈቀድም። ስለዚህ ለዩኒያ ነገሩ ፈቃድ ጠይቆ የማግኘት ጉዳይ አይደለም። ሕጉ እንዳለ ሆኖ ፈቃዱ ለእርሷ ሊሰጥ የሚችልበት መንገድ የለም። በ1985 የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ለጳጳሳት በላከው ደብዳቤ ክህነት የሌላቸው ምእመናን የማስወጣት ጸሎቱን እንዳይጠቀሙ በድጋሚ አሳስቧል።

ይህ ማለት ግን ለአንድ ሕመምተኛ መጸለይ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ማንኛውም ክርስቲያን ለተሠቃየ ሰው መጸለይ ይችላል። ለካህን ብቻ የተተወው በቤተ ክርስቲያን ስም መንፈሱን በቀጥታ የማዘዝ ሥልጣን ነው። ለመንፈሱ «ውጣ» የሚል ትእዛዝ መስጠትና «እግዚአብሔር ሆይ፣ አድነው» ብሎ መለመን በሕጉ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዩኒያ የምትሻገረው ድንበር ይህ ነው።

ሕጉ ሁልጊዜ በዚህ መልክ አልነበረም። በጥንቷ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን «አጋንንት አስወጪ» ከዝቅተኛ የክህነት ማዕረጎች አንዱ ነበር፤ ማዕረጉን ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1972 አስቀርተውታል። ሥርዓቱ የሚመራበት መጽሐፍ በ1614 የወጣ ሲሆን በ1999 በአዲስ ተተክቷል። አዲሱ መጽሐፍ ካህኑ ሥርዓቱን ከመጀመሩ በፊት የሰውየው ችግር ሕመም አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ በተቻለ መጠንም የሕክምና ባለሙያዎችን እንዲያማክር ያዝዛል።

ሐኪሙና ልጁ

አባ ጳውሎስ በፊልሙ ውስጥ እንደ እንቅፋት ይታያል፤ ታሪኩም በመጨረሻ ለዩኒያ ይፈርዳል። ከፊልም ውጭ ባለው ዓለም ግን የጳውሎስ ጥንቃቄ ከባድ ምክንያት አለው።

በምዕራብ ጀርመን በ1975 እና በ1976 የሚጥል በሽታ ሕክምና ስትከታተል በነበረች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ሁለት ካህናት የጳጳስ ፈቃድ ይዘው 67 ጊዜ የማስወጣት ሥርዓት ፈጸሙ። ተማሪዋ ሕክምናውን ትታ፣ ምግብም አቁማ፣ በ1976 በ23 ዓመቷ በረሃብ ሞተች። ፍርድ ቤት በ1978 ወላጆቿንና ሁለቱን ካህናት በቸልተኝነት ለሞት በመዳረግ ጥፋተኛ አድርጎ የእገዳ እስራት ፈረደባቸው። በ2005 የወጣው «የኤሚሊ ሮዝ ልክፍት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም መነሻው ይህ ታሪክ ነው። በዚሁ በ2005 ደግሞ በሮማንያ ታናኩ በሚባል ስፍራ በሚገኝ የኦርቶዶክስ ገዳም፣ የአእምሮ ሕመም የነበረባት ወጣት መነኩሲት ለማስወጣት ሥርዓት ታስራ ከቆየች በኋላ ሞተች፤ ካህኑና አራት መነኮሳይት ተፈረደባቸው። የሮማንያው ዳይሬክተር ክሪስቲያን ሙንጂዩ በ2012 «ከኮረብቶቹ ባሻገር» የሚለውን ፊልም የሠራው ከዚህ በመነሣት ሲሆን በካን የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል።

በጀርመኑ ታሪክ ፈቃዱ ተሟልቶ ነበር፤ የጠፋው የሕክምና ጥንቃቄ ነው። በ«ጥቁር መነኮሳይት» ደግሞ ሐኪም አለ፤ የጠፋው ፈቃድ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ጥያቄው «ሥልጣን ያለው ማን ነው» ከሚለው አልፎ «ለታመመው ልጅ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው» ወደሚለው ይደርሳል። ፊልሙ አጋንንቱ በእርግጥ እንዳሉ አድርጎ ስለሚተርክ መልሱ ይቀልለታል። ተመልካቹ ግን በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ ያለ እርግጠኝነት እንደማይገኝ ሊያስታውስ ይገባል። ሚካኤላ ሐኪምም ባለ ራእይም ሆና መሣሏ በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙባት ብቸኛ ሰው ያደርጋታል።

የኮሪያ ካቶሊካዊነት

ፊልሙ የአውሮፓን ታሪክ ወደ እስያ የገለበጠ ቢመስልም በኮሪያ የራሱ ሥር አለው። በ2015 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከደቡብ ኮሪያ ሕዝብ 7.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች 19.7 በመቶ፣ ቡድሂስቶች 15.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሃይማኖት የለኝም ብሏል።

የኮሪያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጀማመር ከፊልሙ ጥያቄ ጋር የሚገርም ዝምድና አለው። እምነቱን ወደ አገሪቱ ያስገቡት ሚስዮናውያን ካህናት ሳይሆኑ ከቻይና የመጡ መጻሕፍትን ያጠኑ የኮሪያ ምሁራን ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዪ ሱንግ-ሁን በ1784 ቤይጂንግ ሄዶ ተጠምቆ ተመለሰ። ካህን ስላልነበራቸውም እነዚህ ምእመናን ከመካከላቸው ሰው መርጠው ቅዳሴ መቀደስና ኑዛዜ መቀበል ጀመሩ። በኋላ ይህ ያለ ክህነት እንደማይፈቀድ ከቤይጂንግ ሲነገራቸው አቆሙ። የቻይናዊው ካህን ዦ ወንሞ ወደ አገሪቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ያንን ካህን ከባለሥልጣናት ደብቃ ያስጠለለችው፣ ሴቶችንም ሰብስባ ያስተማረችው ካንግ ዋን-ሱክ የተባለች ሴት ነበረች። በ1801 በደረሰው ስደት ተገደለች። ጳጳስ ፍራንሲስ በ2014 ኮሪያን ሲጎበኙ ከሌሎች 123 ሰማዕታት ጋር ብፅዕት ብለው አውጀዋታል። ከአውሮፓ የመጡት የመጀመሪያዎቹ መነኮሳይት፣ የሻርትር ቅዱስ ጳውሎስ እኅቶች፣ ኮሪያ የገቡት በ1888 ነው። ካህን ሲጠፋ ምእመናን፣ በተለይም ሴቶች፣ ሸክሙን መሸከማቸው እንግዲህ በኮሪያ ለፊልም የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም።

ሙዳንግና መነኩሲት

ሙዳንግ በኮሪያ ጥንታዊ እምነት በሰዎችና በመናፍስት መካከል የምትቆም አገልጋይ ናት። ወንዶችም ቢኖሩ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከበሮ፣ ጭፈራና መሥዋዕት ያለበት ሥርዓታቸው «ጉት» ይባላል። ብዙ ሙዳንጎች ወደዚህ አገልግሎት የሚገቡት ወደውት አይደለም። በኮሪያ አስተሳሰብ «ሺንብዮንግ» ወይም የመንፈስ ሕመም የሚባል፣ ሐኪም የማያገኘው ሕመም ይይዛቸዋል፤ ጥሪውን ሲቀበሉ ደግሞ ይለቃቸዋል ተብሎ ይታመናል።

በ«ጥቁር መነኮሳይት» ይህ እምነት የመነኮሳይቱ ጠላት ሆኖ አልቀረበም። ኅዮ-ዎን ከገዳም የወጣችው እምነቷን ንቃ ሳይሆን እንዲህ ያለ ጥሪ ስለደረሰባት ነው። ዩኒያም አትኮንናትም፤ ልጁን ለማዳን የሚረዳ ከሆነ ከእርሷ ጋር ለመቆም ታስባለች። የካቶሊክ ትምህርት እንዲህ ያለውን መቀላቀል አይቀበልም፤ በፊልሙ ውስጥም የሚያስቆጣው አንዱ ነገር ይህ ነው። ሚካኤላን በተመለከተ ደግሞ ሙዳንግዋ ሊደርስባት ይችል የነበረውን ሌላ ዕጣ ታሳያለች፤ ሁለቱም የማይታየውን የማየት ስጦታ ይዘው የተወለዱ፣ በተለያየ መንገድ የሄዱ ሴቶች ናቸው።

በዘርፉ ታሪክ ያለው ቦታ

አጋንንት የማስወጣት ፊልም መልኩን የያዘው በዊልያም ፍሪድኪን «ዘ ኤክሶርሲስት» (1973) ነው። በዚያ ፊልም በመንፈስ የተያዘችው ልጃገረድ ስትሆን የሚያድኗት ሁለት ካህናት ናቸው፤ አንደኛው፣ አባ ካራስ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። በመጨረሻም መንፈሱን ወደ ራሱ ጠርቶ ይሞታል። የ«ጥቁር መነኮሳይት» ሐኪም ካህንና የዩኒያ አሟሟት ከዚህ ፊልም ጋር የሚያወዳድሩ ናቸው፤ ልዩነቱ አባ ካራስ አንድ ላይ የያዛቸው ጥርጣሬና መሥዋዕትነት እዚህ ለሁለት ሰዎች መከፈላቸው ነው። ጥርጣሬው ለካህኑ፣ መሥዋዕትነቱ ለመነኩሲቷ ደርሷል።

መነኮሳይት በአስፈሪ ፊልም ውስጥ አዲስ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የሚታዩት ግን በመንፈስ የተያዙ ሆነው ነው። በ1634 ፈረንሳይ ሉደን በተባለች ከተማ ያሉ መነኮሳይት በአጋንንት ተይዘዋል ተብሎ ኡርባን ግራንዲየ የተባለ ካህን በእሳት ተቃጥሏል። ከዚህ ታሪክ በመነሣት ፖላንዳዊው የጂ ካቫሌሮቪች በ1961 «እናታችን ዮሐና ዘመላእክት»ን፣ እንግሊዛዊው ኬን ራስል ደግሞ በ1971 «አጋንንቱ»ን ሠርተዋል። በ2018 የወጣው «ዘ ነን» የመነኩሲትን ልብስ ራሱን የጋኔን መልክ አደረገው። በ2022 የወጣ «ፕሬይ ፎር ዘ ዴቪል» የተባለ የአሜሪካ ፊልም አጋንንት ማስወጣት ለመማር የምትጥር መነኩሲትን አሳይቷል። «ጥቁር መነኮሳይት» ከዚህ የመጨረሻው ጋር ቢቀራረብም አንድ ሳይሆን ሁለት ሴቶችን መሪ አድርጎ፣ በመካከላቸው የሚያድገውን መተማመን የታሪኩ ማዕከል አድርጎታል።

በኮሪያም ዘርፉ በአሥር ዓመት ውስጥ ሰፍቷል። የና ሆንግ-ጂን «ዘ ዌይሊንግ» (2016) ሙዳንግን፣ የካቶሊክ ዲያቆንንና የገጠር ፖሊስን በአንድ መንደር አገናኘ። በ2018 የቀረበው «እንግዳው» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ መናፍስትን የሚያይ ሰው፣ ካህንና ፖሊስ አብረው ሲሠሩ አሳየ። «ጥቁር መነኮሳይት» የመጣው ከ«ኤክስሁማ» ታላቅ ስኬት አንድ ዓመት ሳይሞላ ስለሆነ ብዙ ይጠበቅበት ነበር።

አቀባበል

ፊልሙ የወጣው ሴዖላል ከሚባለው የኮሪያ የጨረቃ አዲስ ዓመት ጥቂት ቀናት በፊት ነው። ይህ ወቅት ቤተሰብ አብሮ ሲኒማ የሚገባበት፣ የፊልም ኩባንያዎችም አጥብቀው የሚፎካከሩበት ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ቀን የኮሪያን የሲኒማ ገበያ መርቷል፤ በአጠቃላይም ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ከመውጣቱ በፊትም ለብዙ የውጭ አገር ገበያዎች ተሽጧል። በኮሪያ የፊልም ስኬት የሚለካው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በተሸጠው ትኬት ብዛት በመሆኑ፣ ውጤቱ ከ«ጥቁር ካህናት» 5 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ተብሎ ተቆጥሯል።

የተቺዎች አስተያየት የተከፋፈለ ነበር። የሶንግ ሄ-ክዮና የጀን ዮ-ቢን ጥምረት፣ እንዲሁም በመንፈስ የተያዘውን ልጅ የተጫወተው የሙን ዉ-ጂን ብቃት ተመስግነዋል። በአንጻሩ ታሪኩ ካህናትን፣ ሙዳንግን፣ ታሮትንና ሕክምናን በአንድ ላይ ለመያዝ ሲሞክር እንደተበተነ፣ የሚያስፈራው ክፍልም ከመጀመሪያው ፊልም ያነሰ እንደሆነ የጻፉ አሉ። አስፈሪ ፊልም ጠብቀው የገቡ ተመልካቾች ያገኙት ከፍርሃት ይልቅ የሁለት ሴቶች ድራማ መሆኑም ለአንዳንዶች ቅሬታ፣ ለሌሎች ደግሞ የፊልሙ ጥንካሬ ሆኗል።

በፊልሙ ውስጥ ሕጉ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ዩኒያ ትሞታለች እንጂ ፈቃድ አታገኝም፤ ሚካኤላም ሥራውን ስትረከብ ያው መነኩሲት ናት። «ጥቁር ካህናት» ዲያቆኑ ፍርሃቱን አሸንፎ ወደ ካህንነት በሚወስደው መንገድ ላይ ሲቆም ያበቃል። ለሚካኤላ እንዲህ ያለ የተዘጋጀ መንገድ የለም፤ ፊልሙ የሚተዋትም በዚያው ጥያቄ ላይ ነው።